በታቡ ላይ ያለው ክብ መሽከርከሩን አላቆም ሲል፦ ድብቅ አይፍሬምን ፈልጎ የማግኛና የማስተካከያ መመሪያ

አንድ ገጽ ተከፍቶ ጽሑፉም ምስሉም ሙሉ በሙሉ ታይቶ፣ ቁልፎቹም ሲነኩ በትክክል እየሠሩ፣ በብራውዘሩ ታብ ላይ ያለው ትንሽ ክብ ግን መሽከርከሩን አላቆም ሲል አብዛኛው ፕሮግራመር መጀመሪያ ኢንተርኔቱን፣ ቀጥሎ ሰርቨሩን ይጠረጥራል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ማንም በማያየው ቦታ ነው፤ አፕሊኬሽኑ ራሱ ወይም በውስጡ የተሰካ የሌላ ድርጅት ኮድ በፈጠረው ድብቅ አይፍሬም (በአንድ ገጽ ውስጥ ሌላ ገጽ የሚጫንበት ክፍል) ውስጥ። ይህ መመሪያ ያንን አይፍሬም ፈልጎ ለማግኘት፣ ጥፋተኛነቱን ለማረጋገጥና እንደ መንስኤው ለማስተካከል የሚረዳ ሲሆን፣ አንባቢው ጃቫስክሪፕት እንደሚያውቅና የብራውዘሩን የገንቢ መሣሪያዎች እንደተለማመደ ታሳቢ ያደርጋል።

ችግሩ የመልክ ጉድለት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። በአንድ ወቅት በሠራሁበት የሒሳብ አፕሊኬሽን ላይ ተጠቃሚዎች ደረሰኝ ካተሙ በኋላ ክቡ እስኪቆም ይጠብቁ ነበር፤ ሲሰለቻቸው ገጹን ያድሱታል፣ ብራውዘሩ «ቅጹ እንደገና ይላክ?» ብሎ ሲጠይቃቸውም እሺ ይላሉ፤ በዚህም አንዱ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ቅሬታው ወደ እኛ የመጣው «ሰርቨሩ ቀርፋፋ ነው» ተብሎ ነበር። አውቶማቲክ ፍተሻም ከዚህ አያመልጥም። ብራውዘርን በራሱ እየነዳ የሚፈትሸው ሴሌኒየም አንድን ገጽ ሲከፍት የገጹን የሎድ ክስተት፣ ማለትም ገጹ ከነክፍሎቹ ተጭኖ ማለቁን የሚያሳውቀውን መልእክት ይጠብቃል፤ ሴሌኒየም በሚከተለው የዌብድራይቨር ደንብ መሠረት ካልተቀየረ በስተቀር የመጠበቂያው ጣሪያ 300 ሰከንድ ስለሆነ፣ አንድ ያልተዘጋ አይፍሬም አንዱን ፍተሻ አምስት ደቂቃ ሊያስቆመው ይችላል።

ምልክቱ የሚናገረው ምንድን ነው?

ብራውዘር እያንዳንዱን አይፍሬም ራሱን እንደቻለ ዶኪዩመንት ነው የሚቆጥረው። በአንድ ታብ ውስጥ ካሉት ዶኪዩመንቶች አንዱ እንኳ ገና እየተጫነ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ክቡ ይሽከረከራል፤ አይፍሬሙ ለዓይን መታየቱ ወይም አለመታየቱ ለዚህ ሒሳብ ትርጉም የለውም። በሲኤስኤስ «ዲስፕሌይ፦ ነን» ብሎ መደበቅ የሚያስቀረው ሥዕሉን እንጂ ጭነቱን አይደለም። በሌላ በኩል በፌች ወይም በኤክስኤምኤልኤችቲቲፒሪኩዌስት የተላከ ጥያቄ አንድ ሰዓት ቢቆይም የዛሬዎቹ ብራውዘሮች ክቡን አያሽከረክሩለትም። ስለዚህ ክቡ ከዞረ የሚፈለገው ያላለቀ ዳታ ሳይሆን ያላለቀ ዶኪዩመንት ነው። የዚህ መመሪያ ሥራ ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

የዋናው ገጽ የሎድ ክስተት ከመከሰቱ በፊት በገጹ ውስጥ የነበረ አይፍሬም ያንን ክስተት ያዘገየዋል። ከዚያ በኋላ የገባ አይፍሬም ግን ያለፈውን ክስተት አይነካም፤ ክቡን ብቻ እንደገና ያስነሳዋል። ሁለቱ ሁኔታዎች ለተጠቃሚው አንድ ዓይነት ቢመስሉም የሚፈለጉበት መንገድ ይለያያል።

ሰው ለምን አይፍሬምን ደብቆ ይጠቀማል ለሚለው መልሱ ታሪካዊ ነው። አይፍሬም እ.ኤ.አ. በ1997 በኤችቲኤምኤል 4.0 ውስጥ ሲገባ፣ ኤክስኤምኤልኤችቲቲፒሪኩዌስት በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 የመጣው በ1999 ነው፤ በሁሉም ብራውዘሮች እስኪዳረስ ደግሞ ዓመታት አለፉ። በእነዚያ ዓመታት ገጹን ሳያድሱ ከሰርቨር ጋር ለመነጋገር ድብቅ አይፍሬም ዋነኛ መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አሌክስ ራስል «ኮሜት» ብሎ የሰየመው፣ ሰርቨሩ ሳይጠየቅ አዲስ ዳታ ወደ ገጹ የሚልክበት ዘዴም ምላሹ በማያልቅ አይፍሬም ይሠራ ነበር። የማያልቅ ምላሽ ማለት የማይቆም ክብ ማለት ስለሆነ፣ ጂሜይል በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ ለቻቱ አይፍሬሙን ኤችቲኤምኤልፋይል በሚባል የአክቲቭኤክስ ነገር ውስጥ ደብቆ ከምልክቱ ያመልጥ ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በአብዛኛዎቹ የዊንዶውስ 10 እትሞች ላይ ድጋፉ ስለተቋረጠ ያ ማምለጫ ዛሬ አይጠቅምም፤ በእሱ ዘመን የተጻፈ ኮድ ግን በየመሥሪያ ቤቱ አለ።

ደረጃ 1፦ የትኛው ሁኔታ ላይ እንዳሉ ይለዩ

ከሁሉ በፊት ገጹን በኢንኮግኒቶ መስኮት ይክፈቱ። የይለፍ ቃል ማስቀመጫ፣ የትርጉምና የማስታወቂያ ማገጃ ኤክስቴንሽኖች የራሳቸውን አይፍሬም በገጹ ውስጥ ይተክላሉ። ክቡ በኢንኮግኒቶ ከቆመ ኮድዎን መመርመር ትተው ኤክስቴንሽኖቹን አንድ በአንድ ያጥፉ። ይህን እርምጃ ዘልዬ ግማሽ ቀን ያባከንኩበት ጊዜ ስላለ ነው ፊት ያስቀመጥኩት።

ክቡ በኢንኮግኒቶም ከዞረ ኤፍ12ን ተጭነው ኮንሶሉን ይክፈቱና «ዶኪዩመንት.ሬዲስቴት» የሚለውን ይጠይቁ። መልሱ «ሎዲንግ» ከሆነ የዋናው ገጽ ኤችቲኤምኤል ራሱ ገና ተነቦ አላለቀም፤ ነገሩ ከአይፍሬም ጋር ስለማይገናኝ ወደ ሰርቨሩ ወይም ገጹን ወደሚያስቆም ስክሪፕት ይሂዱ። መልሱ «ኢንተርአክቲቭ» ከሆነ ኤችቲኤምኤሉ አልቋል፤ አንድ ምስል፣ አንድ ስታይልሺት ወይም አንድ አይፍሬም ግን እየተጠበቀ ነው። «ኮምፕሊት» ካለ ዋናው ገጽ ጨርሷል፤ ክቡን የሚያዞረው ከዚያ በኋላ የተፈጠረ ወይም አድራሻው የተቀየረ አይፍሬም ነው። ይህን መጨረሻ መልስ በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ከፈለጉ በ«ፐርፎርማንስ.ጌትኤንትሪስባይታይፕ» «ናቪጌሽን» የሚለውን ይጠይቁና «ሎድኢቨንትኤንድ» የሚባለውን ቁጥር ይመልከቱ፤ ዜሮ ከሆነ የሎድ ክስተቱ ገና አላበቃም።

ክሮም ለዓይን የሚታይ ሌላ ፍንጭ ይሰጣል። የዋናውን ገጽ ምላሽ ከሰርቨሩ ገና እየጠበቀ ሳለ ክቡ ከሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ በተቃራኒ ይዞራል፤ ምላሹ መምጣት ሲጀምር አቅጣጫው ይቀየራል። ለረጅም ጊዜ በተቃራኒው የሚዞር ክብ ሰርቨሩ ለዋናው ገጽ አንድ ቃል እንኳ አለመመለሱን፣ በቀጥታው የሚዞር ደግሞ የዋናው ገጽ ምላሽ መጀመሩንና ያላለቀው ቀሪው ክፍል ወይም አይፍሬም መሆኑን ይጠቁማል።

ደረጃ 2፦ ያላለቀውን ዶኪዩመንት በኔትወርክ ገጽ ላይ ይፈልጉ

የገንቢ መሣሪያዎቹ ሳይከፈቱ የተላኩ ጥያቄዎች በኔትወርክ ዝርዝር ላይ ስለማይመዘገቡ፣ መሣሪያውን ከከፈቱ በኋላ ገጹን እንደገና ይጫኑ። ዝርዝሩ እንዳይጠፋ «ፕሪዘርቭ ሎግ» የሚለውን ምልክት ያድርጉ። ቀጥሎ ማጣሪያውን በክሮም «ዶክ»፣ በፋየርፎክስ «ኤችቲኤምኤል» ላይ ያድርጉት። አይፍሬሞች እንደ ዶኪዩመንት ስለሚቆጠሩ በመቶ የሚቆጠሩት የምስልና የስክሪፕት ጥያቄዎች ይወገዱና ጥቂት መስመሮች ብቻ ይቀራሉ። ከእነዚህ ውስጥ «ፔንዲንግ» እንደተባለ የቀረው የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው።

ተጠርጣሪውን ጠቅ አድርገው የምላሽ ሄደሮቹንና የጊዜ ዝርዝሩን ይመልከቱ። ሄደር ጭራሽ ካልመጣ ሰርቨሩ ሥራውን አልጨረሰም ወይም አይደረስበትም። ሄደሩ 200 ብሎ ከመጣና ይዘቱ ካላለቀ ሰርቨሩ ሆን ብሎ ወይም በስሕተት ምላሹን ክፍት አድርጎታል። ጊዜው የጠፋው «ስቶልድ» በሚባለው ክፍል ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ከብራውዘሩ ገና አልወጣም፤ በኤችቲቲፒ/1.1 ክሮምም ፋየርፎክስም ለአንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ ከ6 በላይ ግንኙነት ስለማይከፍቱ፣ ስድስቱን ሌሎች የቆዩ ጥያቄዎች ይዘዋቸው አይፍሬሙ ተራ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ጥፋተኛው አይፍሬሙ ሳይሆን ተራውን የያዙት ናቸው።

በዝርዝሩ ላይ ምንም «ፔንዲንግ» ሳይኖር ክቡ የሚዞርበት ሁኔታም አለ። እንግዳ ቢመስልም ከሁሉ ቀላሉ ይህ ነው፤ በደረጃ 5 መጀመሪያ ላይ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 3፦ በገጹ ውስጥ ያሉትን አይፍሬሞች ቆጥረው ይያዙ

በኮንሶሉ «ዶኪዩመንት.ኩዌሪሴሌክተርኦል» ብሎ አይፍሬሞችን መጠየቅ የመጀመሪያው እርምጃ ቢሆንም በእሱ ብቻ አይርኩ። ይህ ጥያቄ በሻዶው ዶም (ከቀረው ገጽ በተነጠለ የኤለመንት ዛፍ) ውስጥ የተሸሸገውን አይፍሬምም ሆነ በአይፍሬም ውስጥ ያለ አይፍሬምን አያገኝም። ሙሉው ዛፍ የሚታየው በክሮም «አፕሊኬሽን» ገጽ ታችኛው ክፍል «ፍሬምስ» በሚለው ሥር ነው። በኮንሶሉ አናት ላይ «ቶፕ» የሚለውን ዝርዝር ሲከፍቱም ሁሉም ፍሬሞች ይዘረዘራሉ፤ ከመካከላቸው አንዱን ከመረጡ የሚጽፉት ትእዛዝ በዚያ ፍሬም ውስጥ ይሠራል። ስለዚህ ከሌላ ድረ ገጽ የመጣና ከዋናው ገጽ ሆነው ይዘቱን ማንበብ የማይችሉትን አይፍሬም እንኳ «ሬዲስቴት»ህ ምንድን ነው ብለው በቀጥታ መጠየቅ ይችላሉ።

አንድ ወጥመድ አለ። አይፍሬም ወደ ገጹ እንደገባ መጀመሪያ የሚይዘው ባዶውን «አባውት፡ብላንክ» ዶኪዩመንት ነው፤ ትክክለኛው ምላሽ እስኪመጣ ድረስ «ሬዲስቴት» ሲጠየቅ የባዶውን መልስ «ኮምፕሊት» ብሎ ይሰጣል። ስለዚህ «ኮምፕሊት» ያለ አይፍሬም ከተጠርጣሪነት ነጻ የሚሆነው የዶኪዩመንቱ አድራሻ ከኤስአርሲ አድራሻው ጋር ሲገጥም ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ጥፋተኛውን ያረጋግጡ፣ ቀጥሎ ማን እንደፈጠረው ይወቁ

ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም። ክቡ እየዞረ ሳለ በኤሌመንትስ ገጽ ላይ አይፍሬሞቹን አንድ በአንድ ይሰርዙ፤ አይፍሬም ከገጹ ሲወጣ ጭነቱ ስለሚቋረጥ፣ ጥፋተኛው በተሰረዘበት ቅጽበት ክቡ ይቆማል። አፕሊኬሽኑ የተሰረዘውን ወዲያው መልሶ የሚፈጥር ከሆነ የጥያቄ ማገጃውን ይጠቀሙ፤ በክሮም የኔትወርክ ዝርዝር ላይ መስመሩን በቀኝ ጠቅ አድርገው አድራሻውን አግደው ገጹን እንደገና ይጫኑ። የድሮዎቹን የፋየርፎክስ እትሞች መደገፍ ያለበት ሰው ግን ይህን ይወቅ፦ በእነሱ ላይ አይፍሬምን በራሱ የሎድ ክስተት ውስጥ ወዲያው መሰረዝ ክቡን ለዘለዓለም ሊያዞረው ይችላል፤ ስረዛውን በሴትታይምአውት ለጥቂት ማዘግየት ይበቃል።

ፈጣሪውን ለማወቅ የመጀመሪያው ቦታ በኔትወርክ ዝርዝር ላይ ያለው «ኢኒሼተር» ዓምድ ነው፤ ጥያቄውን ያስነሳውን የስክሪፕት መስመር ይጠቁማል። እሱ ካልረዳ በኤሌመንትስ ገጽ ላይ ቦዲን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ብሬክ ኦን» ከሚለው ውስጥ «ሰብትሪ ሞዲፊኬሽንስ»ን ይምረጡ፤ አይፍሬሙ ሲተከል ኮዱ በዚያው መስመር ይቆምና ማን ማንን እንደጠራ ይታያል። «ክሪኤትኤለመንት»ን በራስ ኮድ ሸፍኖ መጠበቅ የተለመደ ዘዴ ቢሆንም በኢነርኤችቲኤምኤል የሚገባውን አይፍሬም ስለሚያሳልፍ አልመክረውም።

ደረጃ 5፦ እንደ መንስኤው ያስተካክሉ

በኔትወርክ ዝርዝር ላይ ምንም ያላለቀ ከሌለ መጀመሪያ ኮዱን «ዶኪዩመንት.ኦፕን» እና «ዶኪዩመንት.ራይት» ብለው ይፈልጉ። ከላይ ያነሳሁት የደረሰኝ ጉዳይ ይኸው ነበር። ደረሰኙን ለማተም ኮዱ ድብቅ አይፍሬም ይፈጥራል፣ ዶኪዩመንቱን ይከፍታል፣ የደረሰኙን ኤችቲኤምኤል ይጽፍበታል፣ ያትማል፤ «ዶኪዩመንት.ክሎዝ» ብሎ ግን አይዘጋውም። ያልተዘጋ ዶኪዩመንት ለብራውዘሩ ገና እየተጻፈ ያለ ዶኪዩመንት ነው። ተጠቃሚዎቹ የሚሠሩት በፋየርፎክስ ስለነበር ክቡ ይዞርባቸዋል፤ እኛ የምንሞክረው በክሮም ነበር፣ ክሮም ደግሞ ዋናው ገጽ ተጭኖ ካበቃ በኋላ በዚህ መንገድ ለሚከፈት አይፍሬም ምልክቱን አያሳይም። ሁለት ሳምንት «እኛ ጋ የለም» ስንል ቆየን። ኮዱን በኋላ ስናየው ማተሚያው ትእዛዝ በ500 ሚሊ ሰከንድ መጠበቂያ የተጠራ ነበር፤ የጻፈው ሰው የአይፍሬሙ የሎድ ክስተት አለመምጣቱን አይቶ፣ ለምን ብሎ ሳይጠይቅ በጊዜ መጠበቂያ አልፎት ኖሯል። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፤ ከጻፉ በኋላ ይዝጉ፣ ማተሚያውንም ከአይፍሬሙ የሎድ ክስተት ጋር ያስሩት። አዲስ የሚጽፍ ሰው ግን ዶኪዩመንት መክፈትና መዝጋቱን ሁሉ ትቶ ኤችቲኤምኤሉን በ«ኤስአርሲዶክ» ቢሰጥ ይሻለዋል።

ሰርቨሩ ምላሽ ሳይሰጥ የሚቆይ ከሆነና ሰርቨሩ በፒኤችፒ የተጻፈ ከሆነ የሴሽን ቁልፉን ይመርምሩ። ፒኤችፒ በተለመደው አሠራሩ ሴሽንን በፋይል ያስቀምጣል፤ «ሴሽን_ስታርት» ከተጠራበት ጊዜ ጀምሮ ስክሪፕቱ እስኪያልቅ ፋይሉን ይቆልፈዋል። ስለዚህ አንድ ተጠቃሚ ረጅም ሪፖርት እያወጣ ሳለ የዚያው ተጠቃሚ ድብቅ አይፍሬም በሩ ላይ ይጠብቃል። መለያው ቀላል ነው፤ የአይፍሬሙን አድራሻ ሌላ ሴሽን ባለበት ብራውዘር ሲከፍቱት ወዲያው ከመለሰ ችግሩ ቁልፉ ነው። ስክሪፕቱ ከሴሽኑ የሚፈልገውን ካነበበ በኋላ «ሴሽን_ራይት_ክሎዝ»ን ወዲያው እንዲጠራ ያድርጉ።

ምላሹ ሆን ተብሎ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት የቀድሞው የኮሜት ዓይነት አይፍሬም ካጋጠመዎት ለመጠገን አይሞክሩ፤ ይተኩት። ዳታው ከሰርቨር ወደ ገጹ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ኢቨንትሶርስ ይበቃል፤ የሁለትዮሽ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2011 በአርኤፍሲ 6455 የጸደቀው ዌብሶኬት አለ። ሁለቱም ክቡን አይነኩም። ኢቨንትሶርስ በኤችቲቲፒ/1.1 ከስድስቱ ግንኙነቶች አንዱን ይዞ እንደሚቀመጥ፣ ተጠቃሚው ብዙ ታብ ሲከፍትም ስድስቱ ሊሞሉ እንደሚችሉ ግን አይርሱ፤ ሰርቨሩን ወደ ኤችቲቲፒ/2 ማሻገር ይህን ያቃልለዋል። ደግሞም «እኛ የምንጠቀመው ዌብሶኬት ነው» የሚል አፕሊኬሽን አይፍሬም ይዞ ሊገኝ ይችላል። ሶክጄኤስን የመሰሉ ላይብረሪዎች ዌብሶኬት ሳይሠራ ሲቀር ወደ ሌሎች ዘዴዎች ይወርዳሉ፤ ከእነዚያም መካከል በአይፍሬም የሚሠሩ አሉ። ያን ጊዜ መታየት ያለበት ዌብሶኬቱ ለምን እንደወደቀ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በመካከል ያለው አስተላላፊ ሰርቨር ኤንጂኔክስ የ«አፕግሬድ» ሄደርን ወደ ኋላ ሰርቨሩ እንዲያስተላልፍ ስላልተዋቀረ ነው።

በኦፕንአይዲ ኮኔክት (ተጠቃሚው በተለየ የመግቢያ ሰርቨር በኩል የሚገባበት ደንብ) የሚገቡ አፕሊኬሽኖች የተጠቃሚውን ፈቃድ በዝምታ ለማደስ ድብቅ አይፍሬም ይጠቀማሉ። አይፍሬሙ ወደ መግቢያ ሰርቨሩ «ፕሮምፕት=ነን» (የመግቢያ ገጽ አታሳይ) ብሎ ይሄዳል፣ ሰርቨሩም ወደ አፕሊኬሽኑ ይመልሰዋል። ስሕተቱ ያለው በመመለሻው አድራሻ ላይ ነው። መመለሻው የአፕሊኬሽኑ ዋና ገጽ ከሆነ ሙሉው አፕሊኬሽን፣ ከነስክሪፕቱና ከነስታይሉ፣ በድብቁ አይፍሬም ውስጥ እንደገና ይነሣል፤ ሲነሣም ፈቃዱን ለማደስ በተራው ሌላ አይፍሬም ይፈጥራል። ብራውዘሮች አንድ ገጽ ራሱን በራሱ ውስጥ ደጋግሞ እንዳይጭን የሚያግድ ጥንቃቄ አላቸው፤ ነገር ግን የሚያነጻጽሩት ሙሉውን አድራሻ ስለሆነና የመመለሻው አድራሻ በየጊዜው አዲስ የኮድና የስቴት ዋጋ ስለሚይዝ ያ ጥንቃቄ እዚህ አይሠራም። መልሱን በፖስትሜሴጅ ለወላጁ ገጽ ከማስተላለፍ በቀር ምንም የማይሠራ፣ ጥቂት መስመር ያለው የተለየ ገጽ ያዘጋጁና መመለሻውን ወደ እሱ ያድርጉት። ክቡ ሁልጊዜ ሳይሆን በየጥቂት ደቂቃው ብልጭ እያለ የሚጠፋ ከሆነና ይህም በሳፋሪ ላይ ከታየ፣ ማደሱ እየከሸፈ እየተደጋገመ ሊሆን ይችላል። ሳፋሪ ከእ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 ጀምሮ የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን ሙሉ በሙሉ ስለሚያግድ፣ በሌላ ዶሜይን ያለ የመግቢያ ሰርቨር በአይፍሬም ውስጥ ተጠቃሚውን አያውቀውም። በዚህ ጊዜ አይፍሬሙን ትቶ በሪፍሬሽ ቶክን፣ በፌች አማካይነት ማደስ ይገባል።

ሴሽን እንዳይዘጋ በየጥቂት ደቂቃው ራሱን የሚያድስ አይፍሬም ደግሞ ያለ ብዙ ክርክር በአንድ ፌች ሊተካ ይገባዋል። ለጊዜው መተካት ካልቻሉ ኤስአርሲውን ከመቀየር ይልቅ «ሎኬሽን.ሪፕሌስ»ን ይጠቀሙ። ክቡ አይቀርም፤ ግን ኤስአርሲ በተቀየረ ቁጥር በብራውዘሩ ታሪክ ላይ አንድ መስመር ስለሚጨመር ተጠቃሚው ወደ ኋላ ለመመለስ ቁልፉን አምስት ጊዜ መጫን የሚገደድበት ሌላው ችግር ይወገዳል።

ፋይል ለማውረድ የሚፈጠር ድብቅ አይፍሬም ላይ አቋሜ ለየት ይላል። ሰርቨሩ ሪፖርቱን ለማዘጋጀት 40 ሰከንድ ከፈጀበት ክቡ ለ40 ሰከንድ መዞሩ እውነቱን መናገሩ ነው፤ ተጠቃሚው የሚያየው ሌላ ምልክት ከሌለ ባይነኩት ይሻላል። መታረም ያለበት፣ አይፍሬሙን በሎድ ክስተቱ ላይ ለመሰረዝ የሚጠብቅ ኮድ ነው፤ ምላሹ በ«ኮንቴንት-ዲስፖዚሽን» ማውረጃ መሆኑን ከገለጸ በአይፍሬሙ ውስጥ የሎድ ክስተት አይከሰትም፣ አይፍሬሞቹም ገጹ ውስጥ ይከማቻሉ። የተሻለው አሠራር ሪፖርቱ እንዲዘጋጅ በፌች ጠይቆ፣ ሲያልቅ ሰርቨሩ የሚሰጠውን አድራሻ በተራ ሊንክ መክፈት ነው። ፋይሉን ራሱን በፌች ወደ ገጹ ማምጣት ለትንሽ ፋይል ያገለግላል፤ በመቶ ሜጋባይት የሚቆጠር ከሆነ ግን የተጠቃሚውን ሜሞሪ ይሞላል።

የቀረው ከቁጥጥርዎ ውጭ ያለው፣ የሌላ ድርጅት አይፍሬም ነው። የፌስቡክ ገጽ ማሳያ፣ የቴሌግራም መግቢያ ቁልፍና የመሳሰሉት በአይፍሬም ነው የሚሠሩት። ሰርቨራቸው እምቢ ቢል ብራውዘሩ ወዲያው ያውቃል፤ ጥያቄው በመንገድ ላይ ከተጣለ ግን መልስ የሚሰጠው ስለሌለ ይጠብቃል። በዊንዶውስ የተለመደው የግንኙነት ሙከራ 21 ሰከንድ ገደማ፣ በሊኑክስ 127 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክና ቴሌግራም በኢትዮጵያ ተገድበው በቆዩባቸው ወራት የራሳቸው ሰርቨር ደኅና የነበረ ድረ ገጾች እንኳ፣ በግርጌያቸው በተሰካ አንዲት ማሳያ ምክንያት ጭነታቸውን የማይጨርሱ ሆነው ሊታዩ የሚችሉት በዚህ ነው። የራስዎን የሎድ ክስተት ከእነዚህ ጋር አያስሩ። ማሳያው መጀመሪያ ተራ ምስል ወይም ሊንክ ሆኖ ይቅረብ፤ አይፍሬሙ የሚፈጠረው ተጠቃሚው ሲነካው ይሁን። የግድ ተጠቃሚው ሳይነካው መጫን ካለበት የ«ሎዲንግ» ባሕርዩን «ሌዚ» ያድርጉት፤ እንዲህ ያለ አይፍሬም የዋናውን ገጽ የሎድ ክስተት አያዘገይም። ከዚህም ጋር አንድ የጊዜ ገደብ፣ ለምሳሌ 8 ሰከንድ፣ አስቀምጠው እስከዚያ ካልተጫነ ከገጹ ያውጡት።

እዚህ ላይ በብዙ ቦታ የሚሰጥ አንድ ምክር ላንሳ። አይፍሬሙን ከሎድ ክስተቱ በኋላ በሴትታይምአውት ፍጠሩት ይባላል። የሎድ ክስተቱን ነጻ ስለሚያወጣ ለሴሌኒየምና ለፍጥነት መለኪያዎች ይጠቅማል፤ ክቡን ግን አያስቀርም፣ ቆሞ የነበረውን እንደገና ያስነሳዋል እንጂ። ተጠቃሚው ደግሞ ቆሞ እንደገና የሚጀምር ክብ ሲያይ ይበልጥ ነው ግራ የሚጋባው።

ደረጃ 6፦ ማስተካከያውን ይፈትሹ

ገጹን በክሮምም በፋየርፎክስም፣ ከተቻለ በሳፋሪም ይሞክሩት፤ የደረሰኙ ታሪክ እንዳሳየው አንዱ የሚደብቀውን ሌላው ያሳያል። በኔትወርክ ገጽ ላይ ፍጥነቱን ወደ «3ጂ» (በቀድሞዎቹ የክሮም እትሞች «ስሎው 3ጂ») አውርደው ይድገሙት፤ በቢሮ ኢንተርኔት በቅጽበት የሚያልቅ አይፍሬም በቀርፋፋ ግንኙነት ለረጅም ጊዜ ሊዞር ይችላል። ከዚያ የሦስተኛ ወገን አድራሻዎችን በጥያቄ ማገጃው አንድ በአንድ አግደው የገጹ ዋና ሥራ መቀጠሉን ይመልከቱ። ይህ ማገጃ ጥያቄውን ወዲያው እንደሚያከሽፈው፣ በመንገድ ላይ እንደተጣለ ጥያቄ እንደማያስጠብቅ ግን ልብ ይበሉ፤ መጠበቁን ለመሞከር በራስዎ ማሽን ላይ የሚቀበል ግን የማይመልስ ትንሽ ሰርቨር ያስነሡና አይፍሬሙን ወደ እሱ ያመልክቱት።

ክቡ ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚዞር ከሆነና በገጹ ውስጥ አንድም አይፍሬም ከሌለ፣ አፕሊኬሽኑ በክሮም 102 የመጣውን ናቪጌሽን ኤፒአይ ይጠቀም እንደሆነ ይመልከቱ። በዚህ ኤፒአይ «ኢንተርሴፕት» የተደረገ የገጽ ለውጥ፣ የተሰጠው ፕሮሚዝ እስኪፈጸም ድረስ ክሮም ምልክቱን ያሳያል። እዚያ ፍለጋው ከአይፍሬሙ ወጥቶ ወደማይፈጸመው ፕሮሚዝ ይዞራል።

በመጨረሻ ለአውቶማቲክ ፍተሻዎ አንድ አጭር ሙከራ ይጨምሩ፤ ገጹ ከተከፈተ ከ10 ሰከንድ በኋላ «ሎድኢቨንትኤንድ» ከዜሮ በላይ መሆኑንና የአይፍሬሞቹ ቁጥር እርስዎ ከሚያውቁት አለመብለጡን ይጠይቅ። የሴሌኒየምን የገጽ መጠበቂያ ስልት «ኢገር» አድርጎ ፍተሻውን ማስቀጠል ይቻላል፤ ያን ካደረጉ ግን ይህን ሙከራ ለብቻው ያቆዩት፣ «ኢገር» የሎድ ክስተቱን ስለማይጠብቅ ችግሩ ቢመለስም ሌሎቹ ፍተሻዎች አይነግሩዎትም።